ወደ ሳንድቪከን ለምትሄዱ

ስቶክሆልም ውስጥ ሰው ቤት አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ፣ የቤት ወረፋ ለዓመታት የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ እስኪ ትንንሾቹን የፋብሪካ ከተሞች አስቡባቸው። ለምሳሌ ሳንድቪከንን። ዬቭሌ ከተማ አጠገብ ናት፣ ነዋሪዋ 25 ሺህ ገደማ ነው። «ሀበሻ በሌለበት ብቸኝነት ይገድለናል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ስጋታችሁ እውነት አለው። ግን እዚያ ከሰው ጋር የሚገናኙበት በር ሌላ ነው፤ በሩ የስፖርት ክለቡ ነው።

ከተማዋን የሠራት ብረት ነው። ዮራንሶን የሚባል ነጋዴ፣ የቀለጠ ብረት ውስጥ አየር እየነፉ የማጥራትን የቤሰመር ዘዴ በ1858 እ.ኤ.አ. አሳካ። በ1862 ደግሞ እዚህ ሐይቅ ዳር ፋብሪካ ተከለ። ሠራተኛው ከየቦታው መጣ፣ ኩባንያው ቤት ሠራለት፣ ከተማ ሆነ። የዛሬው ሳንድቪክ የሚባለው ኩባንያ ይኸው ነው። የብረት ማምረቻው ክፍል በ2022 አሌይማ በሚል ስም ራሱን ችሎ ወጥቷል፤ ስለዚህ ሥራ ስትፈልጉ ሁለቱንም እዩ።

«ዲግሪ ይዤ እንዴት ማሽን ላይ እቆማለሁ?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ። ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ብረት መቁረጫ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው እዚያ የተከበረ ባለሙያ ነው። በኮምቩክስ፣ ማለትም በማዘጋጃ ቤቱ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት፣ ብየዳም ሲኤንሲም መማር ይቻላል፣ ትምህርቱም በነፃ ነው። ሥራ በያዛችሁበት ወር ደግሞ የሠራተኛ ማኅበርና አ-ካሳ (ሥራ ለሚያጡ አባላቱ ገንዘብ የሚከፍል የመድን ፈንድ) ግቡ። በፋብሪካ ከተማ ትዕዛዝ ሲቀንስ ሁሉም ሰው አብሮ ይጨነቃል።

አሁን ወደ ክለቡ። የከተማዋ ፍቅር ባንዲ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ በሚያክል በረዶ ላይ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው፣ በቆልማማ ዱላ ትንሽ ኳስ ይመታሉ። ጨዋታው እንደ እግር ኳስ 45 45 ደቂቃ ነው። በረኛው ዱላ የለውም፣ ያን የሚምዘገዘግ ኳስ በእጁና በሰውነቱ ነው የሚያቆመው! የከተማዋ ክለብ ሳይክ በ2011፣ በ2012 እና በ2014 የስዊድን ሻምፒዮን ሆኗል። ከ2009 ወዲህ የሚጫወተው ጣሪያ ባለው ዮራንሶን አሬና ነው። እግር ኳስ ለምትወዱም ዬርንቫለን የሚባል ስታዲየም አለላችሁ፤ በ1958 የዓለም ዋንጫ ሃንጋሪና ዌልስ 1 ለ 1 የተለያዩት እዚያ ነው።

ትኬት ቆርጦ ማየት ብቻ ግን አይበቃም። ክለቦቹ የሚቆሙት በነፃ በሚያገለግል ሰው ጉልበት ነው። ወላጆች ቡናና ቋሊማ ይሸጣሉ፣ ልጆችን በመኪና ያመላልሳሉ፣ ከጨዋታ በኋላ ወንበር ያነሳሉ። ስዊድናዊ ጎረቤታችሁ አሳንሰር ውስጥ ዓመት ሙሉ ላያናግራችሁ ይችላል። አብራችሁት ስትሠሩ ግን ከፔርሙዙ ቡና ይቀዳላችኋል፣ ወሬም ይጀምራል። ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን፣ የሚከራይ ቤት መኖሩን የምትሰሙት እንዲህ ነው። ቋንቋው እስኪስተካከል አትጠብቁ። «ምን ላግዝ?» ማለት ከቻላችሁ ሂዱ፤ ስዊድንኛውም እዚያው ይፈታል።

ልጆች ካሏችሁ ቶሎ አስመዝግቡ። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማና ዱላ ውድ ነው ብላችሁ አትተዉት። በብዙ የስዊድን ከተሞች ፍሪቲድስባንከን የሚባል ቦታ አለ፤ የስፖርት ዕቃ በነፃ ለ14 ቀን ያውሳል። በጥቅምት፣ ሰው ሳይሻማ ሂዱ፤ የትንንሽ ልጆች የጫማ ቁጥር ቶሎ ያልቃል።