መስታወቱ «ሾርት» አይደለም፦ የቪትዝ የኋላ ማሞቂያና ዋይፐር ጥገና

ወንድሜ፣ መስታወቱን አታስመጣ። የጻፍከውን አንተው ደግመህ አንብበው፦ የ2001 ሞዴል ቪትዝ፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያው አይሠራም፣ የኋላ ዋይፐሩ ሲፈልግ ይነሳል ሲፈልግ ይቆማል፣ ፍሬን ስትረግጥ የታርጋ መብራቱ ጭል ጭል ይላል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ቴስተሩን መስታወቱ ላይ አሳርፎ «ሾርት አድርጓል፣ ከአዲስ አበባ ሌላ መስታወት አስመጣ» ብሎሃል፤ ሾርት ማለት ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሳይሠራ በአቋራጭ ወደ ማሳው (ወደ መመለሻው) ሲሄድ ነው። ሦስት ዕቃ ባንድ ሰሞን ካስቸገረ የተበላሸው ሦስቱ የሚጋሩት ነገር ነው። የሚጋሩት ደግሞ መስታወቱን አይደለም፤ ከጣሪያው ወደ ኋላ በር የሚያልፈውን የሽቦ እሽግ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከጎንደር ወደ ደባርቅ የምትነዳ ከሆነ በሐምሌ ከኮሶዬ ወደ አምባጊዮርጊስ ያለውን ጉም ታውቀዋለህ፤ ማሞቂያው ቅንጦት እንዳልሆነ ለመንገር አልደክምም። ፊውዙም ደህና ነው ስላልክ ልለፈው። አንድ ነገር ብቻ፦ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ያለው ጽሑፍ ጃፓንኛ ከሆነ በግምት አትንቀል። የኋላ ማሞቂያ ምልክቱ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ ሦስት የተጠማዘዙ ቀስቶች አሉት። የፊት መስታወቱ ምልክት ቅርጽ ወደ ላይ ሰፋ ይላል፣ አታደባልቃቸው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪና ከሆነ ደግሞ ዳሽቦርዱ ሥር ተቆርጦ የተቀጠለ ሽቦ ስለማይጠፋ፣ ከታች ያለው ልኬት ሁሉ ወደ ፊት ከጠቆመህ እዚያ ፈልግ።

1. ሞተሩን አስነሳ፣ ማሞቂያውን አብራ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው። ጥቁሩን ጫፍ ከአካሉ ጋር በደንብ ከታሰረ ብረት ጋር አገናኘው፣ የኋላ ወንበር ቀበቶ የታሰረበት ብሎን ጥሩ ነው። የኋላ በሩን ብረት ግን ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት) አታድርገው፣ እሱ ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ቀዩን ጫፍ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ሽቦ የሚሰካባቸውን ሁለት የብረት ምላሶች አንድ በአንድ አስነካ። ሽቦው እንደተሰካ ይሁን፣ ነቅለህ አትለካ።

አንዱ 13 ቮልት አካባቢ፣ ሌላው ዜሮ ካሳየ ሽቦው ደህና ነው፤ ችግሩ መስታወቱ ላይ የታተሙት መስመሮች ጋ ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ኤሌክትሪክ አልደረሰም፦ ወይ ሪሌው (ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ የሚያበራው ማብሪያ)፣ ወይ መጋቢ ሽቦው። ሁለቱም 13 ካሳዩ ማሳው ተቆርጧል። አንዱ 13 ሆኖ ሌላው 3 ወይም 4 ካለ ማሳው ሙሉ በሙሉ አልተቆረጠም፣ ጥቂት ክሮች ይዘውታል ማለት ነው። አንተ ከጻፍከው ተነስቼ ብወራረድ፣ ሁለቱም 13 ወይም ይኼ የመጨረሻው ነው የሚወጣልህ። እየለካህ ሳለ ድንገት ከጠፋ አትደንግጥ፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ማሞቂያው ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ራሱን ያጠፋል። መልሰህ አብራው።

2. «ሾርት ነው» የሚለውን ነገር። ይኼ ፍርድ ስንት ሰው ደህና መስታወት አስወልቆ አስጥሏል! ኤሌክትሪሺያኑ ያደረገው ቴስተሩን ሽቦ መቀጠሉን በጩኸት በሚያሳየው ቦታ ላይ አድርጎ ሁለቱን ምላሶች መንካት ነው፤ ጮኸለት፣ ፈረደ። የትንሽ መኪና የኋላ ማሞቂያ ከ10 እስከ 15 አምፔር ይስባል። 12 ቮልትን ለ12 አምፔር ስታካፍለው 1 ኦም ይመጣል። የቴስተር ጩኸት ደግሞ በብዙ ኦም እንኳ ይጮኻል። ስለዚህ ደህና መስታወት ሁሉ ይጮኻል፣ መጮህም አለበት። የማይጮህ ቢሆን ነበር የሚያሳስበው። እውነት ሾርት ቢሆን ኖሮ ማብሪያውን በነካህ ቅጽበት ፊውዙ ይቃጠል ነበር፣ ያንተ ፊውዝ ግን ደህና ነው ብለሃል። ይኼን ማካፈል ያላወቀ ሰው የመስታወት ዋጋ፣ የማጓጓዣ፣ የማጣበቂያና የእጅ ዋጋ ያስወጣሃል፤ የመጣውም መስታወት እዚያው በተቆረጠ ሽቦ ላይ ተሰክቶ አይሞቅም። ከዚያ «የመጣልህም የተበላሸ ነው» ይልሃል፣ ድፍረቱ እኮ!

3. አሁን ወደ ሥራው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። የኋላ በሩን ክፈት፣ ከጣሪያው ጫፍ ወደ በሩ የሚገባውን እጥፋት እጥፋት ያለው ጥቁር ላስቲክ ታገኛለህ። ሁለት ከሆነ ሁለቱንም እያቸው። ጫፎቹን በጣት ጨምቀህ አውጣ፤ በካቻቪቴ ከጎረጎርከው ይቀደዳል፣ ከተቀደደ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ያስገባልሃል።

በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚህ ቦታ ሽቦው ይታጠፋል። ከሃያ ዓመት በላይ ሲታጠፍ የኖረ ልባስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ወይም ልባሱ ደህና መስሎ ውስጡ ያለው መዳብ ብቻ ይቆረጣል። ዋይፐሩ ሲፈልግ የሚነሳው ለዚህ ነው፤ በሩ ሲዘጋ የተቆረጡት ጫፎች አንዳንዴ ይገናኛሉ። በዓይን አትመን። እያንዳንዱን ሽቦ በሁለት ጣት ይዘህ በቀስታ ሳበው፣ ልባሱ ከተለጠጠ ውስጡ ተቆርጧል። ቶዮታ ላይ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ሽቦ ማሳ ነው፣ ከእሱ ጀምር። ፍሬን ስትረግጥ የታርጋ መብራቱን የሚያጭለጨልጨው የእሱ መቆረጥ ነው፦ በሩ ላይ ያለው ሦስተኛው የፍሬን መብራት መመለሻ ሲያጣ ኤሌክትሪኩ በታርጋ መብራቱ በኩል ዞሮ መውጫ ይፈልጋል።

አቀጣጠሉ ላይ ነው አብዛኛው ጋራዥ የሚያበላሸው። የተቆረጠችውን ቦታ ብቻ ጠምዝዘው ናስትሮ ያለብሷታል፣ ወይም ለቤት መብራት የሚዘረጋውን ባለ አንድ ክር ሽቦ ያስገቡበታል። ባለ አንድ ክሩ በመታጠፍ ብዛት ቶሎ ይቆረጣል፤ ናስትሮው ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይቀልጥና ይለቃል፣ የተራቆተው ሽቦም የበሩን ብረት ሲነካ ያኔ የእውነት ሾርት ይመጣል። የሚበጀው የደረቀውን ክፍል እንዳለ ቆርጦ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አዲስ ሽቦ መተካት ነው፤ አንዱ መገጣጠሚያ ጣሪያው ውስጥ፣ ሌላው በሩ ውስጥ እንዲውል፣ ላስቲኩ ውስጥ መገጣጠሚያ እንዳይኖር። በስታኞ የተበየደ ሽቦ ስለሚደርቅ መታጠፊያው ላይ ካዋልከው እዚያው ጎን ይሰበራል።

ሽቦው ብዙ ክር ያለው፣ ሲታጠፍ ለስላሳ የሆነ ይሁን። ለማሞቂያው መጋቢና ለማሳው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለዋይፐሩ 1.5፣ ለመብራቶቹ 0.75 ይበቃል። አንዱን ቆርጠህ ሳትጨርስ ሌላውን አትቁረጥ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ሽቦ ሲደባለቅ ቀኑን ይበላል። መገጣጠሚያዎቹን አንዱን ካንዱ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር አሸጋሽጋቸው፣ ባንድ ቦታ ከተከማቹ ላስቲኩ መግቢያ ጋ አያልፉም። በስታኞ በይዳቸው፣ በሙቀት የሚሰበሰበውን ቱቦ አልብሳቸው፤ ቱቦውን ግን ከመበየድህ በፊት ሽቦው ላይ ማስገባት እንዳትረሳ። በላስቲኩ ውስጥ ለማሳለፍ የሳሙና ውሃ ቀባው። የጣሪያውንና የበሩን የውስጥ መሸፈኛ ከመግጠምህ በፊት በሩን እስከ መጨረሻው ክፈትና ዝጋ፤ ሽቦው ከተወጠረ አጭር ነው።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ተውኩት፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ልኬትህ በሚነግርህ ይወሰናል።

ሽቦው ተስተካክሎ አንዳንድ መስመሮች ካልሞቁ፣ ሞተሩን አስነስተህ ማሞቂያውን አብራና መስታወቱን ከውስጥ በእስትንፋስህ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ደበስ አድርገው። ጤዛው ሳይጠፋ የቆየበት መስመር የተቆረጠ ነው። አንድ መስመር የትም ቦታ ቢቆረጥ ሙሉው ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ቆራጩን ነጥብ በቴስተር ፈልገው። የቀዩን ጫፍ በሲጋራ ወረቀት ብራማ ፎይል ጠቅልለው፣ ሹሉ መስመሩን እንዳይፍቀው። ጥቁሩ ማሳ ላይ እንዳለ መስመሩን መሐሉ ላይ ንካ፦ 6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። 12 እና ከዚያ በላይ ካለ የተቆረጠው ከመሐል ወደ ማሳው በኩል፣ ዜሮ ካለ ከመሐል ወደ መጋቢው በኩል ነው። ወደዚያው እያንሸራተትክ ሂድ፣ ቮልቱ ድንገት የሚዘልበት ቦታ ላይ ከውጭ በኩል በማርከር ምልክት አድርግ።

ለመጠገን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የብር ቀለም ያስፈልጋል፣ ለመኪና መስታወት ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው። ሱቅ ስትጠይቅ «ሲልቨር» ብለህ ብቻ አትጠይቅ፣ የብረት መቀቢያውን ይሰጡሃል፤ እሱ ቢያብረቀርቅም አያስተላልፍም። ቦታውን በአልኮል አጽዳ፣ ከመስመሩ በላይና በታች ፕላስተር ለጥፈህ የመስመሩን ስፋት ብቻ ክፍት ተው። ጠርሙሱን በደንብ ናጠው፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስስ አድርገህ ቀባ፣ በየመካከሉ ይድረቅ፣ ከሁለቱም ጫፍ በኩል ደህናው መስመር ላይ ትንሽ ይውጣ። ፕላስተሩን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር በቀስታ አንሳ። ለ24 ሰዓት ማሞቂያውን አታብራ፣ በክረምት ደግሞ መኪናው ጣሪያ ሥር ይደር። ክፍተቱ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ቀለሙ አይዘልቅም። የብረት ምላሱ ተነቅሎ ከሆነ በሱፐር ግሉ አትለጥፈው፣ ግሉው አያስተላልፍም፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን በሁለት ቱቦ የሚመጣ ማጣበቂያ ተጠቀም። በትልቅ ሳልዳቶሪ መስታወት ላይ ለመበየድ የሚጣደፍ ካየህ እጁን ያዘው፣ ሙቀቱ ባንድ ነጥብ ሲበዛ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

መስመሮቹን የሚገድላቸው ምላጭ ነው። ጥቁሩን ፊልም ለማንሳት፣ የድሮ ስቲከር ወይም ከውስጥ የተለጠፈ ሥዕል ለመላጥ ምላጭ ያነሳ ሰው በአንድ ጉዞ አምስት መስመር ይቆርጣል። መኪና ያጠበ ልጅም ይሁን ባለሙያ ነኝ ያለ፣ ምላጭ ከያዘ ከኋላ መስታወት አርቀው። ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ ርጨህ ላስቲክ አልብሰው፣ ፀሐይ ላይ አቁመው፣ ከዚያ ከጫፍ ጀምረህ መስመሩን ተከትለህ በአግድም ላጠው። የቀረውን ሙጫ በለስላሳ ጨርቅ፣ አሁንም በአግድም። ከገበያ ስትመለስ ጄሪካንና ጆንያ መስታወቱን ተደግፎ እንዳይሄድም ተጠንቀቅ፣ መስመሮቹ ያሉት በውስጥ በኩል ነው።

ዋይፐሩ፦ ሽቦው ተስተካክሎም ካልተነሳ ሞተሩ ተቃጥሏል ለማለት አትቸኩል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው በመስታወቱ ወይም በበሩ በኩል የሚወጣው ዘንግ ነው። የክንዱን ዳዶ የሚሸፍነው የፕላስቲክ ቆብ ይጠፋል፣ ውሃና አቧራ ይገባል፣ ዘንጉ ቤቱ ውስጥ ይዝጋል። ሞተሩ ሊያዞር ይታገላል፣ ፊውዝ ይቃጠላል። እዚህ ላይ ትልቅ ፊውዝ ወይም ሽቦ የሚያስገባልህ ሰው መኪናህን ሊያቃጥል ነው። ክንዱንም በእጅ አትግፋ፣ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ይበላል።

ክንዱን ለማውጣት በዳዶው ልክ የሆነ ቁልፍ ይበቃል። ዳዶውን ፈትተህ ክንዱን ግራና ቀኝ እያወዛወዝክ አውጣ፣ ካቻቪቴ መስታወት ላይ አስደግፈህ አትፈልቅቅ። ሞተሩን አውጥተህ ዘንጉ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ጨምር፣ ይደር። ቀለበቱን አንስተህ ዘንጉን አውጣ፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ያረጀውን ግራሶ ጠርገህ አዲስ ቀባ፣ የላስቲክ ቀለበቱን ቀይር። ስትመልስ ሞተሩን ብቻውን አብርተህ አጥፋው፣ ማረፊያ ቦታው ላይ ሲቆም ነው ክንዱን የምትገጥመው። ይኼን የዘለለ ሰው ዋይፐሩ መስታወቱ መሐል ላይ ይቆምበታል።

ውሃ ርጭቱን አልጠየቅክም፣ ግን ላስቲኩን ከከፈትክ አይቀር ቱቦውንም እየው። ፓምፑ እየጮኸ ውሃ ካልመጣ ወይ አፉ በአቧራ ተደፍኗል፣ በቀጭን መርፌ ይከፈታል፣ ወይ ቱቦው ከመገጣጠሚያው ወጥቷል። ጣሪያው ላይ የእርጥበት ምልክት ካየህ ሁለተኛው ነው፣ እስክትጠግነው አትርጭ።

መጀመሪያ ግን ያን ቮልት ለካና የግራውንና የቀኙን ምላስ ቁጥር ለየብቻ እዚሁ ጻፈው፤ ጥቁሩን ጫፍ የት እንዳስነካኸውም ጨምርበት።