ወንድሜ የሚያነባቸው የአስማትና የመላእክት ልብ ወለዶች ኃጢአት ናቸው?

ጥያቄ፦

መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። የ15 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም ያገለግላል። ግን ስልኩ ላይ ቀን ከሌት የእንግሊዝኛ ፋንታሲ ልብ ወለድ ያነባል። ናርንያ፣ የቀለበቶቹ ጌታ፣ ሃሪ ፖተር የሚባሉትን። ጠንቋይ አለበት፣ ዘንዶ አለበት፣ የሚናገር አንበሳ አለበት። እማዬ በየዓመቱ ቁልቢ የምትሄድ ሰው ናት። «ይሄ የሰይጣን መጽሐፍ ነው፤ በነቢያት ጾም ቤቴ ውስጥ አይነበብም፤ አጥፉት» ብላለች። እሱ ደግሞ «አንበሳው እኮ ክርስቶስ ነው» ይላል። ይሄ ራሱ ድፍረት አይሆንም? በዚያ ላይ ሰሞኑን ሌላ መጽሐፍ ጀምሮ ሄኖክን ክፉ መልአክ ሆኖ አገኘው። «የእኛው ሄኖክ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም አነባቸዋለሁ። ንስሐ መግባት አለብን?

መልስ፦

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ወንድምሽ ያን ጥያቄ ወደ አንቺ ይዞ በመምጣቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ዝም ብሎ ማንበብ ይችል ነበር። የሚጠይቅ ልጅ አልጠፋም።

ዋናውን ልንገርሽ። ልብ ወለድ ማንበብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ይህን የምለው ዘመኑን ለመምሰል አይደለም። እናትሽ የሚያከብሩት በዓል ራሱ ይህን ያስተምራል።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወጡት ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበትን ቀን ለማክበር ነው። አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን። እሳቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእሳቱ በፊት የነበረውን ግን ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን አውጪና አንብቢው። ንጉሡ እነዚህን ልጆች የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማሩ አደረገ። የባቢሎን ትምህርት ደግሞ የጣዖታት ታሪክና የከዋክብት ነገር የሞላበት ነበር። ስማቸው እንኳ ተለወጠ፤ ዳንኤል የተሰጠው ስም የንጉሡን አምላክ ስም የሚጠራ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? ተማሩ። በደንብ ተማሩ። ቁጥር 17 ላይ በዚያ ትምህርት ማስተዋልን የሰጣቸው እግዚአብሔር ነው ይላል። ከባቢሎን አስማተኞች ሁሉ አሥር እጅ በልጠው ተገኙ።

የንጉሡን ማዕድ ግን እምቢ አሉ። ለወርቁ ምስል ስገዱ ሲባሉም እምቢ አሉ። የባቢሎንን መጽሐፍ ማንበብና ለባቢሎን ጣዖት መስገድ ለእነርሱ አንድ አልነበረም። ወንድምሽ ከሠለስቱ ደቂቅ ሊማር የሚገባው ይህን ነው። አንድ ነገር ግን አትርሺ። እነርሱ ባቢሎን የገቡት አምላካቸውን አውቀው ነው። ሳያውቁ ቢገቡ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ አንበሳው ልምጣ።

ናርንያን የጻፈው ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1898 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቤልፋስት ተወለደ። በወጣትነቱ እግዚአብሔር የለም ባይ ነበር። ወደ ክርስትና እንዲመለስ ከረዱት አንዱ የቀለበቶቹን ጌታ የጻፈው ቶልኪን ነው። በ1931 አንድ ሌሊት ኦክስፎርድ ውስጥ ስለ አፈ ታሪክና ስለ ክርስቶስ ሲነጋገሩ አመሹ። ሉዊስ ከ1950 ጀምሮ ሰባት የናርንያ መጻሕፍት አሳተመ። አንበሳው ክርስቶስን እንዲያሳስብ አስቦ መጻፉን ራሱ ተናግሯል፤ «እንደ ናርንያ ያለ ዓለም ቢኖርና ክርስቶስ ወደዚያ ቢገባ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ነው የተነሣው። ስለዚህ ወንድምሽ አልተሳሳተም።

ድፍረት ነው ወይ? ጌታን በአንበሳ መመሰል ከእነርሱ የመጣ ነገር አይደለም። ያዕቆብ ይሁዳን ሲባርክ የአንበሳ ደቦል አለው። ዮሐንስ ራእይ 5፥5 ላይ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሥቷል ይላል። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ሲባል ያደግን ሰዎች በዚህ ልንደነግጥ አይገባም። በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንበሳው ለልጆቹ «በእናንተ ዓለም ሌላ ስም አለኝ፤ በዚያ ስም ልታውቁኝ ይገባል» የሚል ቃል ይነግራቸዋል። ወንድምሽን «ያ ስም ማን ነው? ዛሬ በዚያ ስም ጸለይክ?» ብለሽ ጠይቂው። የደራሲውም ፍላጎት ይኸው ነበር።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ግን ቆም ብለሽ የምታሳዪው ነገር አለ። ኤድመንድ የተባለው ልጅ በጣፋጭ ተታልሎ ወንድምና እኅቶቹን አሳልፎ ይሰጣል። ጠንቋይቱ «ከሃዲ ሁሉ በሕግ የእኔ ነው፤ ደሙ ይገባኛል» ትላለች። አንበሳው በልጁ ፈንታ በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ይሞታል። ከዚያ ይነሣል፤ ድንጋዩም ለሁለት ይሰነጠቃል።

ይህን ሳነብ በየዓመቱ በጥምቀት የምናስተምረው የዕዳ ደብዳቤ ነው የመጣብኝ። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን በመከራቸው ጊዜ አታልሎ «አዳም የዲያብሎስ ባሪያ፣ ሔዋን የዲያብሎስ ገረድ» የሚል አጻፋቸው። በሁለት ድንጋይ ላይ ቀርጾ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኖረው። ጌታ የዮርዳኖሱን በጥምቀቱ፣ የሲኦሉን ወደ ሲኦል በመውረዱ ደመሰሰው። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል ልጅ ይህን ያውቃል። ሁለቱን አንድ ላይ እንዲያያቸው አድርጊ።

ልዩነታቸውንም አሳዪው። በናርንያ የጠንቋይቱ መብት እውነተኛ የሕግ መብት ነው። በእኛ ትምህርት የዲያብሎስ ደብዳቤ በተንኮል የተገኘ ነው። ዲያብሎስ ባለ መብት አይደለም፤ ሌባ ነው። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በፋሲካ ስብከቱ የክርስቶስ ደም ለዲያብሎስ የተከፈለ ዋጋ ነው ማለትን አጥብቆ ተቃውሟል። ሉዊስ መልካም ሰው ነበር፣ ግን የእኛ ሊቅ አይደለም። ልጁ ታሪኩን ይውደደው። ነገረ ድኅነትን ግን ከዚያ አይማር።

ቶልኪን ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ስውር ነው። የቀለበቶቹ ጌታ በ1954 እና በ1955 ወጣ። ቤተ ክርስቲያን የለበትም፣ ካህን የለበትም። ቶልኪን ካቶሊክ ነበር፤ በ1953 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሥራው በመሠረቱ ሃይማኖታዊ መሆኑን ነግሮታል። ክፉው ቀለበት የሚጠፋበትን ቀን ማርች 25 አደረገው። ይህ ቀን በምዕራባውያን ዘንድ የብሥራት በዓል ነው፤ በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ሲታይ ደግሞ የእኛው መጋቢት 29፣ ጌታ የተፀነሰበት ዕለት ነው። እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል በዓሉን ታኅሣሥ 22 እናከብረዋለን። እናትሽ ከቁልቢ ተመልሰው ብዙም ሳያርፉ ማለት ነው።

ከሞተ በኋላ በ1977 የታተመው መጽሐፉ ስለ ዓለሙ አፈጣጠር ይናገራል። አንድ ፈጣሪ መላእክትን የሚመስሉ ረቂቃንን ፈጥሮ ዜማ ይሰጣቸዋል። ከሁሉ የበለጠ ኃይል የተሰጠው የራሱን ሊፈጥር ፈልጎ ዜማውን ያበላሻል። መፍጠር ግን አይችልም። ማበላሸት ብቻ ነው የሚችለው።

ይህን ስታነቢ የቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ትዝ አላለሽም? ሳጥናኤል መላእክትን «እኔ ፈጠርኳችሁ» አላቸው። ነገዶቹ ታወኩ። ያን ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለ፤ አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት እንቁም ማለት ነው። ቶልኪን ይህን ከእኛ አልወሰደም። ከመጽሐፍ ቅዱስም ከሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክም ቀድቷል፤ የድንኮቹን ስም ሳይቀር ከአይስላንድ ጥንታዊ ግጥም ነው ያመጣው። ግን ትዕቢት እንዴት እንደሚጀምር በትክክል ገብቶታል። እኔ ይህን መጽሐፍ ከልጅ እጅ አልነጥቅም።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ወንድምሽ ሄኖክን ያገኘበት የእንግሊዛዊው ደራሲ የፊሊፕ ፑልማን መጽሐፍ ይመስለኛል። ከ1995 እስከ 2000 በሦስት ክፍል የወጣ ነው። ፑልማን የቤተ ክርስቲያን ተቃዋሚነቱን አይደብቅም። በሦስተኛው ክፍል እግዚአብሔር ተብሎ የሚመለከው ፈጣሪ አይደለም ይላል። ከሁሉ ቀድሞ የተገኘ መልአክ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ለመጡት «እኔ ፈጠርኳችሁ» ብሎ ዋሻቸው ይላል።

እኅቴ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው። የሳጥናኤል ውሸት ነው እኮ! ደራሲው የሳጥናኤልን ውሸት ወስዶ በእግዚአብሔር አፍ አስቀመጠው። ሥነ ፍጥረትን ያልተማረ ልጅ ይህን ሲያነብ ትልቅ ምስጢር የተገለጠለት ይመስለዋል። የተማረ ልጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ «ይህን ውሸት ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፣ ገብርኤልም መልሶለታል» ይላል። ለዚህ ነው መጽሐፍ ከመቀማት ይልቅ ማስተማር ይቅደም የምለው። ነገ ይህን ሐሳብ በፊልም፣ ከነገ ወዲያ በጓደኛው አፍ ያገኘዋል። ሁሉንም መቀማት አንችልም።

ሄኖክን በተመለከተ፦ ስሙ የእኛው አባት ነው፣ ሰውዬው ግን አይደለም። የእኛ ሄኖክ አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር አድርጎ፣ ሞትን ሳያይ የተወሰደ ጻድቅ ነው (ዘፍ 5፥24፣ ዕብ 11፥5)። በዚያ ልብ ወለድ ሜታትሮን የተባለ ጨካኝ ሆኗል። ሜታትሮን የሚለው ስም በእኛ መጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ የለም፤ ከጊዜ በኋላ ከተጻፉ የአይሁድ የምስጢር መጻሕፍት የመጣ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጀምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ዛሬ በየፋንታሲው የምናያቸው የወደቁ መላእክትና ግዙፍ ልጆቻቸው አብዛኞቹ ከዚህ መጽሐፍ የተቀዱ ናቸው። ልጆቻችን የራሳቸውን መጽሐፍ ከሌላ ሰው ልብ ወለድ ሲሰሙት ያሳዝነኛል። ቤታችን ነው ያለው።

ወንድምሽ «መላእክት ሰው አግብተው ወለዱ» የሚል ካነበበ ደግሞ የአባቶቻችንን ትርጓሜ ንገሪው። በአንድምታው የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት ከደብር ቅዱስ የወረዱት ደቂቀ ሴት፣ ማለትም የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው። መላእክት አያገቡም፤ ጌታ ራሱ ተናግሯል (ማቴ 22፥30)።

ስለ ሃሪ ፖተር ብዙ አልልም። ተረት ነው። ሐረር ጅብ ሲመገብ አይተሽ ከሆነ ጅቡ ጂኒ ያባርራል ሲባል ሰምተሻል። ሰምተን ወደ ቤታችን እንገባለን፤ ሃይማኖታችን አይነካም። በመጨረሻው መጽሐፍ በልጁ ወላጆች መቃብር ላይ የተጻፈው 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥26 ነው፤ የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው የሚለው። ይህንም አሳዪው። ግን ልጁ ከተረቱ ወጥቶ ድግምት ልሞክር፣ ካርታ ልዘርጋ፣ በስልክ ኮከቤን ላስነብብ ካለ ያ ሌላ ነው። ዘዳግም 18፥10 የሚከለክለው እርሱን ነው። በዚህ ላይ እንዲያውም ከልጆቹ ይልቅ የምፈራው ለእኛ ለትልልቆቹ ነው። ቅዳሴ አስቀድሶ ወጥቶ ስኒ የሚያስነብብ አለ። ለትዳሯ ጠንቋይ ቤት የምትሄድ አለች። ያ ልብ ወለድ አይደለም። ያ ስግደት ነው። ንስሐ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

እናትሽ ስለ ጾሙ ያሉት ግን ትክክል ነው፤ ቤታቸውም ነው፣ ታዘዙ። ቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ብሏል። ልጁ በጾም ሌሊቱን ስልክ ላይ ተጥዶ ካነጋ የመጽሐፉ ይዘት መልካም ቢሆንም ጾሙን ጎድቶታል። እስከ ገና ይተወው። በምሽቱ መዝሙረ ዳዊት ይድገም። እናትሽ ግን እንዲያጠፉት አትፍቀጂ፤ ይህን መልስ ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። የገብርኤልን ነገር ሲሰሙ ልባቸው ይለሰልሳል ብዬ አስባለሁ።

አንብባችኋልና ብቻ ንስሐ ግቡ አልልሽም። ለማንበብ ብላችሁ እናታችሁን ዋሽታችሁ፣ ጸሎት አስታጉላችሁ፣ ቅዳሴ አርፍዳችሁ ከሆነ ግን ያንን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። እርሳቸው ልጁን በቅርብ ስለሚያውቁት የሚሰጡት ምክር ከእኔ ይቀድማል።

ከገና በኋላ መጽሐፈ ሄኖክን ከእርሱ ጋር ጀምሩ። ከምዕራፍ 1 ተነሡና ከይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ጋር አስተያዩት፤ ሐዋርያው ሄኖክን ሲጠቅስ ልጁ በዓይኑ ይየው። የፑልማንን ሦስተኛ ክፍል ግን ለጊዜው ያቁም። አይሆንም ካለም ብቻውን አይጨርሰው። የከበደውን ገጽ ምልክት አድርጎ ይጻፍልኝ።