አባታችን ስለ ባቡሩ እንጂ ስለ እኛ አያወሩም

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤

አባቴ 86 ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀው በ1956 ዓ.ም. ድሬዳዋ ምድር ባቡር ተቀጠሩ፤ በ1992 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡም ከጥገና ወርክሾፑ አልተለዩም። ከአምስት ልጆቻቸው ሁለታችን አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ካናዳ፣ ታላቅ ወንድማችን ቨርጂኒያ ነን። ልጆቻችን አያታቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ እንዳያውቋቸው በማለት የሕይወት ታሪካቸውን እየቀዳሁ ለቤተሰቡ መጽሐፍ ላዘጋጅ ተነሥቻለሁ።

ስለ ሎኮሞቲቭ ሞተር ስጠይቃቸው ሰዓት ሙሉ ይናገራሉ። ስለ እናታችንና ስለ እኛ ሳነሣ ግን «ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይዘጉታል። በ1969ኙ የሶማሊያ ጦርነት እናታችን እኔን አራስ ልጅ ታቅፈው ሌሎቹን አስከትለው ከከተማው ሲወጡ፣ አባታችን ወርክሾፑን ትቼ አልሄድም ብለው ቀርተዋል። ታላቅ ወንድሜ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳም፤ «እሱ የማይጻፍ ከሆነ እኔን አትጠይቂኝ» ብሎኛል። በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ማንሣት ነውር ይሆንብኝ ይሆን?

የአባቷ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ ጠያቂያችን፤

አባትዎ ስለ ሞተር ሲያወሩ ስለ ሕይወታቸው እየነገሩዎት ስለሆነ ከዚያ አያውጧቸው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣቱ አስቸጋሪና ውድ በመሆኑ መስመሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፣ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለች ከተማ የባቡር መሐንዲስ የነበረ ሰው ሥራውንና ቤቱን ለያይቶ ማውራት ቢቸግረው አይፈረድበትም። ስለዚህ ከብረቱ ይጀምሩ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሲዘገይ የተሰበረውን በቶርኖ አስመስለው ያወጡበትን አንድ ሌሊት ያስታውሷቸው፤ አብሯቸው ማን እንደነበር፣ በስንት ሰዓት ቤት እንደገቡ፣ በሩን ማን እንደከፈተላቸው፣ ምን እንደቀረበላቸው በተራ ይጠይቁ። «እናታችንን ይወዱ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ የዚያ ዘመን ሰው አይመልሰውም፤ በሩን ማን እንደከፈተለት ግን ይነግርዎታል። ወርክሾፑ ከፈቀደልዎ ደግሞ ይዘዋቸው ይግቡ፤ ማሽኑን በእጃቸው ሲነኩ ብዙ ነገር ይመጣላቸዋል።

የ1969ኙን ማንሣት ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ልደታቸው ቀን፣ ልጆች ተሰብስበው፣ መቅጃ ፊታቸው ላይ ተደቅኖ እንደ ተከሳሽ ሲጠየቁ ነው። አስቀድመው እናትዎን ለብቻቸው ቁጭ አድርገው ይስሙ፤ ማን እንዳሳፈራቸው፣ ልጆቹ ምን እንደበሉ፣ የት እንዳደሩ፣ ከአባትዎ ወሬ የሰሙት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ሁሉንም ይጻፉ። የእሳቸው ታሪክ በባለቤታቸው ታሪክ ውስጥ ጥቂት ገጽ ሆኖ እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ አምስት ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና ግማሹ መጽሐፍ የሳቸው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አባትዎ ሲመለሱ በሥራው በኩል ይግቡ፤ በዚያ ዓመት ድልድዮች ፈንድተው መስመሩ ሲቆረጥ ወርክሾፑ ውስጥ እነማን እንደቀሩና ምን ይሠሩ እንደነበር ይጠይቁ። ለምን እንደቀሩ ምናልባት ራሳቸው ይናገሩ ይሆናል። ካልተናገሩ አይጫኗቸው፤ የእናትዎን ቃል እንዳለ ያስቀምጡ።

የዓመተ ምሕረት ጉዳይ ቀላል እንዳይመስልዎት። በምድር ባቡር የጽሕፈት ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ የቅጥርና የዕድገት ደብዳቤዎቻቸው በፈረንሳይኛ ከሆኑ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አባትዎ ግን የሚያስታውሱት በእኛው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካልጻፉ ካናዳ ያሉት የልጅ ልጆች ሰባትና ስምንት ዓመት ይስታሉ። ቀን የጠፋባቸው እንደሆነ በከተማው ታሪክ ያስጠጉት፤ ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ከ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ በኋላ ነው፣ ወይስ በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከተመረቀ ወዲህ? ቀረጻውን ሙቀቱ ሳይበረታ ማለዳ ያድርጉት፤ ሲደክማቸውም ወዲያው ያቁሙ።

ታላቅ ወንድምዎን በተመለከተ፣ ቅሬታውን እርስዎ አለዝበው አይጻፉለት። የራሱን ምዕራፍ በራሱ እጅ ይጻፍ፣ እርስዎም ሳይነኩት ያትሙት። ከዚያ በፊት ግን ለአባቱ ራሱ ይደውል፤ እርስዎ መልእክተኛ ሆነው የሚያቀርቡትን ጥያቄ አባትዎ እንደ ወቀሳ ሊሰሙት ይችላሉና።