ስለ ሰቃው የመሰናክል ልጅ ኮችን ጠይቁ

ቃል በገባነው መሠረት ኮች ዛሬ ማታ ጥያቄ ይቀበላል። ርዕሱ አንድ ነው፦ የሰቃው (ጅማ) ልጅ ዘንድሮ የት ይደርሳል? ለማታውቁት፣ ልጁ 18 ዓመቱ ነው፤ 3000 ሜትር መሰናክል ይሮጣል። ባለፈው ውድድር በ8 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ (8፡41) ገብቷል። ከፊቱ ከ20 ዓመት በታች የኢትዮጵያ ሻምፒዮና አለ። እዚያ ከቀናው ደግሞ በ2026 ሐምሌ መጨረሻ ዩጂን፣ አሜሪካ የሚጀመረው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ይጠብቀዋል። ኮች በዘመኑ ራሱ መሰናክል ሯጭ ነበር፤ አሁን ልጆች ያሠለጥናል። የልጁን ስም እንዳንጠራ ከልክሏል። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

የጅሬን ልጅ፦ ኮች እንዴት አመሸህ? ልጁ ያሸንፋል?

ኮች፦ ደህና። ምኑን ነው የሚያሸንፈው? የትኛው ውድድር ላይ? ጥያቄህን ጨርሰህ ተመለስ።

ፈረንጅ አራዳ፦ 8፡41 ለዩጂን ይበቃል?

ኮች፦ 8፡41 ያለ ማሽን በእጅ የተያዘ ሰዓት ነው። በእጅ የተያዘ ሰዓት ሰዓት አይደለም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እንደምለው ይታወቀኛል።

ዩጂን ላይ አንድ አገር በአንድ ርቀት የሚያሰልፈው ሁለት ልጅ ብቻ ነው። እንደ ትልልቆቹ ሦስት አይደለም። ስለዚህ የልጁ ትልቁ ውድድር ዩጂን ሳይሆን አገር ቤት ያለው ነው። እዚህ ሦስተኛ የወጣ ልጅ ሌላ አገር ቢወለድ ኖሮ ሜዳሊያ ያገኝ ነበር፤ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ያያል።

ሰቃ ቡና፦ እኔ ጎረቤቱ ነኝ። ሜዳ ላይ ሲሮጥ ማንም አይደርስበትም። መሰናክል ላይ ግን የሚንገዳገድ ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ?

ኮች፦ በመጨረሻ ጥያቄ መጣ። አልተሳሳትክም።

የኛውን መሰናክል ሯጭ ለሜቻ ግርማን ውሰድ። በ2023 ሊዬቫ ላይ በቤት ውስጥ 3000 ሜትር 7፡23.81 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ፓሪስ ውስጥ መሰናክሉን 7፡52.11 ሮጠ፤ ይህም ክብረ ወሰን ነው። ልዩነቱ 28 ሰከንድ ከትንሽ ነው። በሩጫው ውስጥ 28 ደረቅ መሰናክልና 7 የውሃ መሰናክል አለ፤ በድምሩ 35 ዝላይ። ለሜቻ ለአንድ ዝላይ አንድ ሰከንድ እንኳ አይከፍልም ማለት ነው።

የኛ ልጅ ያለ መሰናክል 3000ን 7፡58 ይሮጣል። ከ8፡41 ጋር 43 ሰከንድ ልዩነት። ሁለቱም በእጅ የተያዙ ናቸው፤ በእጅ የተያዘ ሰዓት ደግሞ ምን እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ። ቢሆንም አቅጣጫውን ያሳያል። ለእያንዳንዱ ዝላይ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይከፍላል። ሞተሩ አለ። የሚያፈሰው መሰናክሉ ላይ ነው።

በተለይ ውሃው ላይ። የውሃ ጉድጓዱ ርዝመቱ 3.66 ሜትር ነው። እንጨቱ ሥር ጥልቅ ነው፤ ወደ ፊት እየሄደ ወለሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ርቆ ያረፈ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ነክቶት ያልፋል፤ ቀርቦ የወደቀ ጉልበቱ ድረስ ይገባል። የኛ ልጅ እንጨቱ ላይ ሲወጣ ወደ ሰማይ ይዘላል። ወደ ፊት ነው መገፋት ያለበት። እንጨቱን በእግር መዳፍ ረግጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሰውነቱ ካለፈ በኋላ መግፋት። ከዚያ በአንድ እግር አርፎ በሌላው መሮጥ። እሱ በሁለት እግሩ ያርፋል። በሁለት እግር ያረፈ ሰው ቆሟል፤ እንደ አዲስ ነው የሚነሳው። ይህን ሰባት ጊዜ አስቡት።

የጅሬን ልጅ፦ ተመለስኩ። ዩጂን ላይ ያሸንፋል?

ኮች፦ መጀመሪያ ይሂድ።

ቆጪ ማታ፦ ኮች አታስፈራራን እንጂ። በ2025 ቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ላይ የኒውዚላንዱ ጆርዲ ቢሚሽ ያሸነፈው 8፡33.88 ሮጦ ነው። ያውም ከትልልቆቹ መሃል። የኛ ልጅ እኮ ስምንት ሰከንድ ብቻ ነው የቀረው!

ኮች፦ ይሄን ነው የፈራሁት።

ያ ውድድር ቀስ ብሎ የተሄደበት ነው። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ተያይተው፣ ተጠባብቀው ሮጡ። መጨረሻ ላይ ነው የፈነዳው። የሞሮኮው ሱፍያን ኤል ባካሊ በሰባት መቶኛ ሰከንድ ተቀደመ። ለሜቻ፣ ያ 7፡52 የሮጠው ሰው፣ ሜዳሊያ አላገኘም። እና አንተ 8፡33ን ከ8፡41 ቀንሰህ ስምንት አገኘህ።

ሻምፒዮና እንዲህ ነው፤ አሯሯጭ የለም። ሰው ተጨናንቆ ይሄዳል። ፊትህ ያለው ሰው እስኪዘል መሰናክሉ አይታይህም። ልጁ እስከ ዛሬ ያሸነፈው ከፊት ሆኖ ብቻውን እየሮጠ ነው። በሰው ተከቦ ዘሎ አያውቅም። የሚያስፈራኝ ይህ ነው እንጂ ሰዓቱ አይደለም።

እናት ጅማ፦ የለሜቻ የፓሪሱ ነገር እስካሁን ያመኛል። ምን ነበር የተፈጠረው?

ኮች፦ እህቴ፣ እኔንም ያመኛል። የ2024 ኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ የመጨረሻው ዙር። የተከታይ እግሩ (ከኋላ የሚመጣው) ጉልበት እንጨቱን መታ። የ110 ሜትር መሰናክል (ሐርድል) ሲመቱት ይወድቃል። የኛው ከ80 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ አይነቃነቅም። የሚወድቀው ሰው ነው። ከሜዳ በቃሬዛ ወጥቶ ሆስፒታል ገባ። ከዚያ በፊት አራት ብር ነበረው፤ ዶሃ፣ ቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ዩጂን፣ ቡዳፔስት። ዶሃ ላይ የኬንያው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ የቀደመው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ነው። ክብረ ወሰኑ የኛ ነው፤ የወንዶች ወርቅ ግን በኦሎምፒክም በዓለም ሻምፒዮናም እስካሁን የለንም። እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ ካመጣ ጀምሮ ደጁ ላይ ነን።

ሲደክም መጀመሪያ የሚወርደው ያ ተከታይ ጉልበት ነው። የኛም ልጅ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ይወርድበታል። በዓይኔ አይቻለሁ።

አጂፕ፦ እውነቱን እንነጋገር። ጅማ ከባህር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ናት። በቆጂ 2,800 ነው። አርሲ ያልተወለደ ሰው ሩጫ ላይ ምን ይሠራል?

ሰቃ ቡና፦ ለተሰንበት ግደይና ጉዳፍ ፀጋይ አርሲ ናቸው?

አጂፕ፦ ትግራይም ከፍታ ነው ወንድሜ።

ሰቃ ቡና፦ ሕይወት አያሌውስ? እሷ መሰናክል ሯጭ ናት፤ ጎጃም ነው የተወለደችው።

አጂፕ፦ ጎጃምም ደጋ አለው። ጅማ የኳስ አገር ናት በቃ። በ2018 አባ ጅፋር ሊጉን ሲበላ የት ነበራችሁ?

ቆጪ ማታ፦ እሱን ባታነሳው ይሻል ነበር። አሁን ቡድኑ የት እንዳለ ንገረኝ እስቲ።

ኮች፦ ኳሱን ወደ ውጭ። ከፍታው ላይ አጂፕ ግማሽ እውነት አለው። ከ2,000 በታች የሚኖር ልጅ ደሙ እንደ በቆጂ ልጅ አይሆንም። መፍትሔው ከውድድር በፊት ለሳምንታት ከፍታ ላይ ማረፍ ነው፤ ክለብ ካገኘ ያሳርፉታል። ዝላይ መማር ግን ከፍታ አይጠይቅም። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ፈጠን ብሎ መሥራት እንዲያውም ይቀላል። እዚህ ያለው ችግር ዝናቡ ነው። ሰኔና ሐምሌ የሩጫ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ይሆናል።

ሕርማታ፦ ኮች፣ ጎዳና ላይ ብር አለ ይባላል። ለምን ግማሽ ማራቶን አይሮጥም?

ኮች፦ 18 ዓመቱ ነው። ልጁን አታጣድፉት። ቀጥሎ።

ቢሺሼ፦ ይቅማል እንዴ? የጅማ ልጅ ስለሆነ ነው የጠየቅኩት።

ኮች፦ አይቅምም። ለሌሎቻችሁ ልጆች ግን ልንገራችሁ፤ ይህን እንደ ቀልድ የሚያዩ አሉ። ጫት ውስጥ ካቲን የሚባል ነገር አለ። በውድድር ጊዜ ሽንት ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ ከተገኘ እንደ አበረታች መድኃኒት ይቆጠራል። «ባህሌ ነው» ብሎ ነገር የለም። ትቀጣለህ። ቡና ይፈቀዳል። ጅማ ሆነህ ቡና እያለልህ ምን ጎደለህ?

እናት ጅማ፦ 15 ዓመት የሆናት እህት አለችኝ። መሰናክል ትጀምር?

ኮች፦ ትጀምር። የሴቶቹ መሰናክል ቁመት 76.2 ሳንቲም ነው፤ የወንዶቹ 91.4። መጀመሪያ ዝቅ ባለ መሰናክል በሁለቱም እግር መምራትን (ቀድሞ ማሻገርን) ትልመድ። በሳምንት ሁለቴ ይበቃታል፤ የቀረው ሩጫ ነው። ሶፊያ አሰፋ ለንደን ላይ ሜዳሊያ አምጥታለች፤ ሴምቦ አለማየሁ በ2025 ቶኪዮ ላይ ነሐስ። መንገዱ ተጠርጓል።

ውርርድ ቤት፦ በመቶኛ ብትነግረን? ዩጂን የመግባት ዕድሉ ስንት ነው?

ኮች፦ ስምህን አይቼ ነው የማልመልስልህ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ያለ ውርርድ እኔ ልጠይቅ። የልብህን ንገረን።

ኮች፦ ዛሬ ሻምፒዮናው ቢሮጥ አራተኛ ወይም አምስተኛ ይወጣል። የውሃ ዝላዩ ከተስተካከለ ሁለተኛ ለመሆን ይታገላል። ይህን የምለው ጉልበቱን ስላየሁ ነው፤ ሰዓቱን አትጥቀሱብኝ። ዩጂን ከደረሰ ፍጻሜ መግባት ጥሩ ውጤት ነው። ሜዳሊያ የሚጠብቅ ሰው ልጁን አይወደውም።

ቆጪ ማታ፦ የውሃ ጉድጓድ ከሌለን የት ይለማመዳል?

ኮች፦ የርዝመት ዝላይ አሸዋ ላይ። መሰናክሉን አሸዋው አፍ ላይ ትተክላለህ፤ 3.66 ሜትር ለክተህ ገመድ ትዘረጋለህ፤ ከገመዱ ብዙም ሳይርቅ በአንድ እግር ማረፍ ነው። እኔ የተማርኩት እንዲሁ ነው። የቸገረን እንጨቱ ነው። አሁን የሚዘልበት የሐርድል መሰናክል ነው፤ ሊረግጠው አይችልም፣ ይገለበጣል።

አናጢው፦ ልኬቱን ስጠኝ።

ኮች፦ የላይኛው ጠርብ አራቱም ጎኑ 12.7 ሳንቲም። ቁመቱ 91.4። ርዝመቱ በሕጉ ወደ አራት ሜትር ይጠጋል፤ ለልምምድ ሁለት ሜትር ይበቃናል። እግሩ ሰፊ ሆኖ ብረት ይኑረው፤ 60 ኪሎ ልጅ ሮጦ ሲረግጠው ንቅንቅ እንዳይል።

አናጢው፦ ባህር ዛፍ አለኝ።

ኮች፦ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል።

አናጢው፦ ዋንዛ ላድርገው? የደረቀ አለኝ። ብረቱን የሚበይድ ሰው ግን እናንተ ፈልጉ።

ሰቃ ቡና፦ ብየዳው በኔ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቅህ እመጣለሁ።

የጅሬን ልጅ፦ እኔ ደግሞ ለመሸከም እመጣለሁ።

ኮች፦ አንተ እንኳን ና።