የፀረ-አረም ተጽዕኖ በገብስና በስንዴ ክሮሞሶም ላይ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለምርምሬ ጤፍ ልጠቀም ወይስ ገብስ?

መልስ፦ ገብስ። ክሮሞሶሞቹ 14 ብቻና ትልልቅ ስለሆኑ ስብራቱም ድልድዩም (ህዋሱ ሲከፋፈል ሁለቱን ወገን አገናኝቶ የሚቀር ክሮሞሶም) ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጤፍ 40ዎቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ ዓይን ያደክማሉ። የዳቦ ስንዴ 42 አለው፤ ሦስት ጥንድ ጂኖም ስለሚሸከም ቁራጭ ቢጎድልበት እንኳ ተክሉ ብዙ ጊዜ ችሎ ያድጋል። ቡቃያው ስላማረ ክሮሞሶሙ ደህና ነው አይበሉ።

ጥያቄ፦ ሥሩን ማሳ ላይ በሚረጨው የፀረ-አረሙ ቱ ፎር ዲ (2,4-D) መጠን ልንከረው?

መልስ፦ በፍጹም። በሊትር 720 ግራም ያለውን 1 ሊትር በ200 ሊትር ውሃ ሲበጠብጡ 3.6 ግራም በሊትር ይሆናል። ሥሩ ይሞታል፤ የሚቆጠር ክፍፍል አያገኙም። መጀመሪያ በ0.01፣ 0.1፣ 1 እና 10 ሚሊግራም በሊትር ዘር አብቅለው የሥሩን ርዝመት በግማሽ የሚቀንሰውን መጠን ይፈልጉ። ከዚያ ያንን፣ ግማሹንና እጥፉን ይሞክሩ። ንጹህ ውሃና ማሟሟያው ለየብቻ ማነጻጸሪያ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ስላይዱን እንዴት ላዘጋጅ? ኮልቺሲን (የህዋስ ክፍፍልን የሚያቆም ኬሚካል) ስጨምር አናፌዝ (ክሮሞሶሞች ወደ ሁለት ወገን የሚለያዩበት ደረጃ) አጣሁ።

መልስ፦ ያጠፋው ኮልቺሲኑ ነው። ለክሮሞሶም ቆጠራ ይጠቅማል፤ እዚህ ግን የፈለጉትን ጉዳት ራሱ ይፈጥርልዎታል፣ ይተዉት። ሥሩ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ሲደርስ ለ6 እና ለ24 ሰዓት በፀረ-አረሙ ያክሙት። 3 እጅ ኤታኖልና 1 እጅ ግላሻል አሴቲክ አሲድ በዕለቱ ቀላቅለው ሥሩን 24 ሰዓት ውስጡ ያቆዩት፤ ማቆየት ካስፈለገ 70% ኤታኖል ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። ከዚያ በ1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 60 ዲግሪ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ካነሰ ህዋሶቹ አይላቀቁም፣ ከበዛ ቀለሙ ይገረጣል። በሺፍ (ዲኤንኤን በሚያቀልም ፈሳሽ) ጨለማ ውስጥ ቀልመው ጫፉን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ በ45% አሴቲክ አሲድ ይጨፍልቁ። የታከመውና ያልታከመው በአንድ ሰዓት ይቆረጡ፤ የክፍፍል መጠን ከሰዓት ሰዓት ይለያያል።

ጥያቄ፦ በፀረ-አረሙ ትራይፍሉራሊን የሥሩ ጫፍ አበጠ፣ ክሮሞሶሞቹም ተበታተኑ። ተሰበሩ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መድኃኒቱ ቱቡሊን የተባለ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ክሮሞሶም ጎታቹን ስፒንድል እንዳይሠራ ያግዳል። ክሮሞሶሙ ሳይሰበር በህዋሱ ውስጥ ይቀራል፣ ቁጥሩም አንዳንዴ እጥፍ ይሆናል። ፔንዲሜታሊን የተባለው ፀረ-አረምም እንዲሁ ነው። ትራይፍሉራሊን ይተናል፣ በብርሃንም ይፈርሳል፤ ሳህኑን ከድነው ጨለማ ውስጥ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የሚከፋፈሉ ህዋሶች ቁጥር ወረደ። ክሮሞሶም ተጎዳ ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። ለምሳሌ ፓላስ የተባለው ፀረ-አረም ንጥረ ነገር ፓይሮክሱላም ተክሉ ሦስት አሚኖ አሲዶችን እንዳይሠራ ስለሚከለክል ክፍፍል ይቆማል፤ ለዚህ የክሮሞሶም ስብራት አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ሕክምና ቢያንስ 1000 ህዋስ ቆጥረው ድልድይ፣ ቁራጭ፣ ወደኋላ የቀረ ክሮሞሶምና ማይክሮኒውክለስ (ከዋናው ኒውክለስ ውጭ የቀረ ትንሽ ኒውክለስ) ለየብቻ ይመዝግቡ። ድልድይና ቁራጭ ስብራትን ያመለክታሉ፤ ወደኋላ የቀረው ግን ብዙውን ጊዜ የስፒንድል ችግር ነው። ሁሉን በአንድ ድምር ከደፈቁት ውጤቱ ትርጉም ያጣል።

ጥያቄ፦ ቱ ፎር ዲ ከረጨሁ በኋላ የስንዴዬ ዛላ ተጣመመ። ዘሩ ተበላሸ?

መልስ፦ የጊዜ ስህተት ይመስላል። መድኃኒቱ እንደ ተክል ሆርሞን ስለሚሠራ፣ ዛላው ገና ሲፈጠር ከተረጨ ቅርጹ ይጣመማል፤ ዛላው ሽፋኑ ውስጥ ሳለ ከተረጨ ደግሞ ፍሬ ሊመክን ይችላል። ስንዴው ተጨማሪ ግንድ አውጥቶ፣ አንጓ ከማብቀሉ በፊት ይርጩ።