መልስ፦ የ2023ቱ ኬቲኤም 450 ኤስኤክስ-ኤፍ (የሞቶክሮስ ሞተር ሳይክል) እጅ ይመታል፣ ሞላ ልቀይር?

ሞላ ለመግዛት አትቸኩል። ፍሬሙ በዚህ ሞዴል ተቀይሯል፤ የኋላው ሾክ (ሞላ ያለበት ንዝረት መቀነሻ) ማሰሪያ ከፍሬሙ ዋና ቱቦ ተነጥሏል፤ ብዙ ነጂዎችም ደረቅ ነው ብለውታል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው የኋላውን የመውረድ ልክ (ክብደት ሲያርፍበት ስንት ዝቅ እንደሚል) ነው። ኋላው ከፍ ካለ ክብደቱ ፊት ላይ ያርፍና እጅህን ይመታሃል።

ሙሉ ትጥቅህን ለብሰህ ፔዳሉ ላይ ቁም፤ ኋላው ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ ካለው ከፍታ ወደ 105 ሚሊሜትር እንዲወርድ የሞላውን ማጥበቂያ ቀለበት አስተካክል። ከዚያ ውረድና ሞተር ሳይክሉ በራሱ ክብደት ብቻ ስንት እንደሚወርድ ለካ። ከ30 ካነሰ ሞላው ለክብደትህ ለስላሳ ነው፤ ከ40 ከበለጠ ጠንካራ ነው (ብዙ ሰው ይገለብጠዋል)። መቀየር የሚያስፈልገው ያኔ ብቻ ነው።

የፊት ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) በአየር ስለሚሠራ ግፊቱን ሳይሞቅ ለካ፤ ካስፈለገ በ0.2 ባር (የግፊት መለኪያ) ብቻ ቀንስ። የቸርኬውን ሽቦዎችም ፈትሽ፤ አዲስ ሲሆን ይላላሉ።