በአክፍሎትና በረጅም ጾም ወቅት አእምሮ ስለሚያልፍበት ሁኔታ፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት አክፍለው፣ ማለትም ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ ቆይተው ነበር፤ ዓርብ ዕለት በትንሽ በትልቁ ተቆጡ፣ ልጆችዎ ላይ ጮኹ፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ አጡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከዚያ በፊት የማያውቁት የአእምሮ ጥራትና ደስታ ተሰማዎት። የዓርቡ ንዴት የመንፈስ ድካም እንደ ነበር፣ የቅዳሜው ደስታ ደግሞ ጸጋ እንደ ነበር አስበው፣ ዘንድሮ ውኃ ብቻ እየጠጡ ወደ ሰባት ቀን ቢያራዝሙት ያ ደስታ ይበልጥ ይጸናልን ብለው ጠይቀዋል።

ከሰንበት ትምህርት ቤት ዘመኔ ጀምሮ አክፍሎትን ስይዝ ኖሬአለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያከፍሉ ወጣቶችንም ለዓመታት አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ከዚህ ልምድ ተነሥቼ የምመልስልዎ አንድ ዋና ነገር ነው፤ በጾሙ መካከል የሚመጣብዎን ንዴትም ሆነ የሚሰማዎን ደስታ የነፍስዎ መለኪያ አያድርጉት። ሁለቱም በአብዛኛው ምግብና ውኃ ያጣ አካል ሥራዎች ናቸው፤ ጸሎትዎ ከሁለቱም በላይ ነው፣ በሁለቱም አይመዘንም።

በመጀመሪያ ስለ ዓርብ ልናገር። ከሐሙስ ማታ 12 ሰዓት እስከ እሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብንቆጥር አክፍሎት 57 ሰዓት ይሆናል። የሰው አንጎል ከአካላችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም ዕረፍት ላይ ካለ ሰው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ይወስዳል፤ በቀን እስከ 120 ግራም የሚደርስ ግሉኮስ ይፈልጋል። ጉበት ያከማቸው ስኳር ግን አንድ ቀን ገደማ ቢያቆይ ነው። ስለዚህ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ስግደቱ በበረታበትና ፀሐዩ በከረረበት ሰዓት፣ አካል የድሮውን ስንቅ ጨርሶ አዲሱን ገና በወጉ አልያዘም። በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ሰው ቁጡ ይሆናል፣ ትዕግሥቱ ያጥራል፣ ሐሳቡ አልሰበሰብ ይለዋል። ዳዊት ስደግም አንዱን መስመር ጨርሼው ምን እንዳልኩ ሳላውቅ እንደገና የምጀምረው በዚሁ ሰዓት ነው፤ ዓይኔ ፊደሉን ያያል፣ አፌ ይለዋል፣ ልቤ ግን ከጎረቤት በሚመጣ የቁሌት ሽታ ተይዟል። ከስግደት ቀና ሲሉ ዓይን የሚጨልመውም የደም ግፊት ስለሚወርድና በአካል ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚቀንስ ነው፤ እንዲህ የሆነበት ሰው በእልህ መቀጠል የለበትም፣ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ይቀመጥ።

በዚህ ላይ ቡናው አለ። በአገራችን ስለ ጾም ስንነጋገር ቡናን የምንረሳ ይመስለኛል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አቦል ቶና በረካ እያለ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታትና መነጫነጭ ይጀምረዋል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ላይ ይከፋል። ዓርብን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ቤተሰቡን ሁሉ ያስመረረው ቁጣ ግማሹ የረኃብ ሳይሆን የቡና ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኔ ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት ስኒውን አንድ በአንድ እየቀነስኩ መግባት ከያዝኩ ወዲህ የራስ ምታቱ በእጅጉ ቀሎልኛል፤ ለሚያከፍል ሰው ሁሉ ከምሰጠው ምክር ይህን አስቀድመዋለሁ። ልጆችዎን በተመለከተ ደግሞ፣ ይቅርታ ይጠይቋቸው፤ ነገር ግን በዚያ ቁጣ ምክንያት ጾሜ ከንቱ ሆነ ብለው ራስዎን አይኰንኑ።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም እዚህ ላይ ነው። ስኳሩ ሲያልቅ ጉበት ከስብ የተሠራ ኬቶን የሚባል ነዳጅ ለአንጎል ማቅረብ ይጀምራል። ጆርጅ ካሂል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በክትትል ሥር ለሳምንታት የጾሙ ሰዎች አንጎል አብዛኛውን ጉልበቱን ከዚህ ነዳጅ እንደሚያገኝ አሳይተዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይህ ለውጥ ገና ጅምር ቢሆንም ረኃቡ ራሱ ደብዘዝ ይላል፤ አድሬናሊንን የመሳሰሉ የሚያነቁ ቅመሞችም በደም ውስጥ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ቀጤማው በሚታደልበት ሰዓት ሰውነት የቀለለ፣ ሐሳብ የጠራ፣ ድምፅና ሽታ የጎላ ይመስላል። ቀጤማውን በራሴ ላይ ሳስር የእርጥብ ሣሩ ሽታ በሌላ ጊዜ ከማውቀው እጥፍ ሆኖ ይሰማኛል፤ የካህናቱ ዜማም በአካሌ ውስጥ የሚያልፍ ይመስለኛል። ይህ ደስታ እውነተኛ ነው፤ ሐሰት ነው አልልም፤ እግዚአብሔርም በዚህ በኩል ሰውን አያጽናናም ለማለት እኔ ማን ነኝ። ነገር ግን ሃይማኖት የሌለው ሰው ለሕክምና ምርመራ ብሎ ይህን ያህል ቢጾም ይኸው ጥራት ሊሰማው እንደሚችል ማወቅ ይገባል። ስለዚህ ደስታው በመጣ ጊዜ ያመስግኑበት፤ ማስረጃ ግን አያድርጉት።

በተለይ በዚያ ሰዓት ስለት መሳል፣ ገዳም እገባለሁ ብሎ መቁረጥ፣ ሥራ ለመልቀቅ መወሰን ወይም የቆየ የቤተሰብ ጠብ ላይ የመጨረሻ ቃል መናገር ተገቢ አይደለም። በትንሣኤ ሳምንት የተሳለውን ስለት መፈጸም አቅቶት ዓመቱን ሙሉ ሲጨነቅ የከረመ ወጣት አጽናንቼ አውቃለሁ። ውሳኔው ከልብ የመነጨ ከሆነ ከዳግም ትንሣኤ በኋላም ከልብ ይሆናል፤ በልተውና ተኝተው፣ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተማክረው ይወስኑት።

እንቅልፍን ለብቻው ላነሣው ይገባኛል፤ ምክንያቱም በአክፍሎት ከምግቡ ይልቅ አእምሮን የሚያናጋው እንቅልፍ ማጣቱ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያነቁት ቅመሞች ሌሊት እንቅልፍን ያሳሳሉ፣ የእግር ቅዝቃዜ ይጨመርበታል፣ ከዚያም ሥርዓቱ በሚቆምበት ሌሊት ሰው ጭራሽ አይተኛም። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው በምግብ ጠግቦ እንኳ ስሙን የሚጠራው ሰው ያለ ሊመስለው፣ በዓይኑ ዳር ጥላ ሲያልፍ ሊያይ ይችላል። ይህ ሲሆን መደናገጥም ሆነ ራእይ አየሁ ብሎ መናገር አያስፈልግም። ዓርብ ከስግደት በኋላ ወደ ቤት ገብቶ ጥቂት ሰዓት መተኛት ስንፍና አይደለም። መኪና መንዳት ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ በውጭ አገር በታክሲና በጭነት መኪና ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች ዓርብና ቅዳሜን ፈቃድ መጠየቅ ካልቻላችሁ አክፍሎቱ ይቅርባችሁ እላለሁ።

ከአክፍሎት የተለየው ደግሞ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ቀስ በቀስ የሚመጣው ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ጥቂት ሽሮና ቆሎ ብቻ እየቀመሱ የሚዘልቁ ሰዎች፣ ከደብረ ዘይት በኋላ መፍዘዝ፣ ከሰው መራቅና ስለ ምግብ ደጋግሞ ማሰብ ይታይባቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በአሜሪካ ሚኔሶታ አንሰል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በተቀነሰ ምግብ አኑረዋቸው ነበር። ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ፤ ከክብደቱ ይልቅ ያስደነቀው ግን የጠባያቸው ለውጥ ነበር። ቀልድና ጨዋታ ተዉ፣ በጥቃቅን ነገር ተናደዱ፣ አንዳንዶቹም የምግብ አሠራር የሚገልጹ መጻሕፍትን መሰብሰብ ጀመሩ። ያ ጾም አልነበረም፣ ከእኛ ጾምም ይረዝማል፤ ሆኖም ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባና ሱፍ ሳንጎድል ብንጾም አእምሯችንን እንደምንጠብቅ ያስረዳል። ጾሙ የሚከለክለው ጥሉላትን ነው፤ ከተፈቀደው ሰዓት በኋላ መጥገብን አይከለክልም።

አሁን የምናገረው ነገር ግን በቀላሉ እንዲታለፍ አልፈልግም። በማውቀው አንድ ቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ወጣት ጾሙን ንጹሕ ላድርገው ብሎ በሱባኤ መድኃኒቱን አቋረጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንቅልፍ ጠፋ፣ ንግግሩ መቆሚያ አጣ፣ ለአገር መልእክት ተሰጥቶኛል ማለት ጀመረ። እናቱ መጀመሪያ በረከት መስሏት አለቀሰች። ወደ ሐኪም ውሰዱት ብለው ቤተሰቡን ያሳመኑት የንስሐ አባታቸው ነበሩ፤ እሳቸው ባይኖሩ ምን ይከተል እንደ ነበር ሳስብ እስካሁን ያስጨንቀኛል። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሕመም ያለበት፣ ወይም በቤተሰቡ ይህን የመሰለ ሕመም የታየ ሰው፣ እንቅልፍ ማጣትና ረጅም ጾም ሲደራረቡበት ሕመሙ ሊቀሰቀስ ይችላል። ለዚህ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ውኃ ሲያጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከመጠን በላይ ሊከማችና ሊመርዘው ይችላል። በረመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችን ከሐኪም ጋር ተማክረው አንዳንድ መድኃኒቶችን በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ማድረግ ይችላሉ፤ በአክፍሎት ግን በመካከል የሚቀመስበት ሰዓት የለምና ይህ መንገድ አይሠራም። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ከዚህ በፊት ምግብን በመፍራት ወይም ክብደት ለመቀነስ ራሱን በረኃብ የጎዳ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ከአክፍሎት ቢቀሩ ቤተ ክርስቲያን አትወቅሳቸውም።

ስለዚህ ሰባቱን ቀን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱንም በግልጽ ላስቀምጥ። አንደኛው፣ የቅዳሜው ደስታ ቀኑ በተጨመረ ቁጥር የሚጨመር አይደለም። ከሦስት ቀን በላይ የሄዱ የማውቃቸው ሰዎች የሚናገሩት ስለ ድካም፣ ስለ ብርድ፣ ለማንም ለምንም ግድ ስለ ማጣትና ስለ ዝምታ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ ጾሙ ሲፈታ ባለው አመጋገብ ላይ ነው። ከአምስት ቀን በላይ ምንም ወይም እጅግ ጥቂት የበላ ሰው ድንገት ሲበላ በደሙ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በፍጥነት ወርዶ ልቡ ሊታወክ፣ አእምሮው ሊምታታና ለሞት ሊደርስ ይችላል። የተለመደው 57 ሰዓት ለጤነኛ ሰው ከዚህ ወሰን በታች ነው፤ ሰባት ቀን ግን ያልፈዋል። እንዲህ ያለ ጾም ደሙን እየመረመረ የሚከታተለው ሐኪም ለሌለው ሰው፣ ያውም ሥራ ለሚሠራና ልጆች ለሚያሳድግ ሰው፣ የሚደፈር አይደለም።

ዘንድሮ እንዳለፈው ዓመት ማክፈል ከፈለጉና ሐኪምዎና ንስሐ አባትዎ ካልከለከሉዎ፣ ሐሙስ ጉልባኑን በደንብ ይብሉ፣ ውኃ አብዝተው ይጠጡ፣ ቡናውን አስቀድመው ይቀንሱ፣ ዓርብ ልጆቹን የሚይዝልዎ ዘመድ ያግኙ፤ ማክፈልዎንም ለአንድ የቅርብ ሰው ይንገሩ፣ ሰው ሲምታታ ራሱ አያውቀውምና። ንግግርዎ ከተወላገደ፣ ሽንት ካቆመ ወይም ከወደቁ ወዲያውኑ ውኃ ይጠጡ፣ ወደ ሕክምናም ይሂዱ። ትንሣኤ ሌሊት ሲፈታ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በተልባ ይጀምሩ፤ ዶሮውንና ክትፎውን ረፋድ ላይ ያድርሱት። በማግስቱና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የባዶነት ስሜት፣ ብዙ በላሁ የሚል ጸጸትና ምክንያቱ የማይታወቅ ኀዘን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙም ሲነገር አልሰማም፤ ነገር ግን ካየኋቸው ወጣቶች ብዙዎቹ የሚያልፉበት ነው። እንቅልፍ ሲመለስና ማዕዱ ሲስተካከል ይለቃል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ከጾሙ ጋር አያያይዙት፣ ሐኪም ያነጋግሩ።